የሜረር ውሎና አዳር፦ ታላቁን ፒራሚድ ማን እንደ ሠራው የሚናገረው መዝገብ

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አንድ ሥዕል በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ሥዕሉ በጊዛ ከቆሙት ሦስት ታላላቅ ፒራሚዶች መካከለኛውን፣ የንጉሥ ካፍሬን ፒራሚድ ያሳያል፤ ከሥሩም ወደ ምድር ሆድ የሚወርዱ ስምንት ግዙፍ ጉድጓዶች፣ በዙሪያቸውም የሚጠማዘዝ መውረጃ ተሥሎበታል። የጉድጓዶቹ ጥልቀት 648 ሜትር ነው ተባለ። በጣሊያን መግለጫ የሰጡት ተመራማሪዎች ይህን ያገኘነው ከሳተላይት በተነሣ የራዳር መረጃ ነው ሲሉ፣ ወሬውን የተቀበሉ ገጾች በበኩላቸው «ከፒራሚዱ ሥር ከተማ ተገኘ» ወደሚል አሳደጉት። በአማርኛም ተተርጉሞ በቴሌግራምና በዩቲዩብ ሲዘዋወር ሰነበተ። ለእኔም ከሦስት ወዳጆቼ ደርሶኛል፤ ሦስቱም አብረው የላኩት ጥያቄ ያው አንድ ነበር፦ «ታዲያ ፒራሚዶቹን የሠራቸው ማን ነው?»

አስቀድሞ ስለ ራዳሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የራዳር ሞገድ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ጥቂት ሜትሮች ሊዘልቅ ይችላል፤ መቶዎች ሜትር ውፍረት ያለውን አለት ግን ዘልቆ አይመለስም። ተመራማሪዎቹ ዘዴያችን ከመሬት የሚነሣውን ጥቃቅን ንዝረት የሚያነብ ነው ቢሉም፣ መግለጫውን በሰጡበት ጊዜ ውጤታቸው በሌሎች ሊቃውንት ተመርምሮ በሳይንሳዊ መጽሔት አልወጣም ነበር፤ የቀድሞው የግብፅ የጥንታዊ ቅርሶች ሚኒስትር ዛሂ ሐዋስም መሠረት የለሽ ነው ብለው ወዲያው ውድቅ አደረጉት። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን እዚያው ካፍሬ ፒራሚድ ደጃፍ የሚገኝ ነገር ነው። ከፒራሚዱ ወደ ሸለቆው ቤተ መቅደስ በሚወርደው የድንጋይ መንገድ ሥር የኦሳይረስ ጉድጓድ የሚባል፣ በሦስት እርከን የተቆፈረ ጥንታዊ መቃብር አለ። ወደ ታች 30 ሜትር ያህል ተወርዶ የመጨረሻው ክፍል ላይ ሲደረስ የከርሰ ምድር ውሃ ይገኛል። በ30 ሜትር ጥልቀት ውሃ በሚገኝበት መሬት ላይ የ648 ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሯል የሚል ሰው፣ ጥንታውያኑ ያንን ሁሉ ውሃ በምን እንደ ቀዱት አስቀድሞ ሊያስረዳን ይገባል።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ከጉድጓዱ ይልቅ ወዳጆቼ ባነሡት ጥያቄ ላይ ነው። የፒራሚዶቹ ሠሪዎች ማንነት እስከ ዛሬ ያልተፈታ ምሥጢር ነው የሚለው ሐሳብ፣ ብዙ ሰው ሳይመረምር የሚቀበለው ነገር ሆኗል። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። ካለፉት ሠላሳ አምስት ዓመታት ወዲህ በተደረጉት ቁፋሮዎች የሠራተኞቹ መቃብር፣ መንደር፣ የዳቦ መጋገሪያና ወደብ ተገኝቷል፤ አልፎ ተርፎም ከሠራተኞቹ አለቆች አንዱ ያስጻፈው የየዕለት መዝገብ ወጥቷል። ከ4,500 ዓመት በፊት ለተሠራ ሥራ ይህን ያህል ማስረጃ መትረፉ ራሱ ሊደንቀን የሚገባ ነው።

ከእነዚህ ማስረጃዎች ሁሉ የላቀው የተገኘው ጊዛ ላይ አይደለም። በረሃውን ወደ ምሥራቅ አቋርጦ፣ በቀይ ባሕር የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ሰው አልባ ጠረፍ ላይ ነው። ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ ሊቅ ፒየር ታሌ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያ መቆፈር ሲጀምር፣ እስካሁን ከሚታወቁት የባሕር ወደቦች ሁሉ ጥንታዊ የሆነውን አገኘ። ወደ ባሕሩ ተዘርግቶ ማዕበል የሚከላከል የድንጋይ ክምር፣ በርካታ የድንጋይ መልህቆች፣ ጀልባዎች ተፈታትተው የሚቀመጡባቸው በአለት ውስጥ የተፈለፈሉ ዋሻዎች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2013 ከነዚህ ዋሻዎች አፍ ላይ ከተደረደሩት የመዝጊያ ድንጋዮች መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ የፓፒረስ (ከደንገል ተክል የሚሠራ ጥንታዊ ወረቀት) ቁርጥራጮች ወጡ። ጽሑፍ ካለባቸው ፓፒረሶች መካከል እነዚህን በዕድሜ የሚቀድም እስካሁን አልተገኘም። የተጻፉትም ታላቁን ፒራሚድ ባሠራው በንጉሥ ኩፉ የመጨረሻ ዓመታት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ነው።

ከመዝገቦቹ አንዱ ሜረር የሚባል ሰው የሚመራው ቡድን ውሎ ነው። ሜረር ልዑል ወይም ካህን አልነበረም፤ አርባ ያህል ሰዎችን የሚያዝ ተቆጣጣሪ ነበር፤ በዛሬ አነጋገር የጀልባ ካፖ ልንለው እንችላለን። የቡድኑ ሥራ በናይል ምሥራቃዊ ዳርቻ ከሚገኘው የቱራ ካባ ነጭ የኖራ ድንጋይ እየጫነ ወደ ማዶ፣ ወደ ጊዛ ማመላለስ ነበር። ይህ ድንጋይ የፒራሚዱ የውጭ ልባስ የሆነው፣ ጠርዙ ተስተካክሎ የተጠረበው፣ ከሩቅ ያብለጨልጭ የነበረው ነው። መዝገቡ የተጻፈው በዓምድ ተከፋፍሎ፣ ከላይ የወሩ ቀናት ተደርድረው፣ ከየቀኑ ሥር ሁለት ሁለት መስመር እየተሰጠ ነው፤ አንዱ ለውሎ፣ አንዱ ለአዳር። ይዘቱ በአማርኛ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦ በ25ኛው ቀን ተቆጣጣሪ ሜረር ከቡድኑ ጋር በደቡብ ቱራ ድንጋይ ሲጎትት ዋለ፤ በደቡብ ቱራ አደረ። በ26ኛው ቀን ድንጋይ ጭኖ ከደቡብ ቱራ ተነሣ፤ በኩፉ ሐይቅ አደረ። በ27ኛው ቀን ከኩፉ ሐይቅ ተነሥቶ ድንጋዩን እንደ ጫነ ወደ አኼት ኩፉ ሄደ፤ በአኼት ኩፉ አደረ። በ28ኛው ቀን በጠዋት ከአኼት ኩፉ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ቱራ ተመለሰ።

አኼት ኩፉ ማለት «የኩፉ አድማስ» ማለት ነው፤ ግብፃውያን ታላቁን ፒራሚድ የሚጠሩበት ስም ነው። እንግዲህ በእነዚህ መስመሮች ውስጥ የምናነበው ፒራሚዱ ገና ሲሠራ፣ ድንጋይ ያደረሰው ሰው በማግሥቱ ለሌላ ጭነት ሲመለስ ነው። ግነት የለም፤ ለአማልክት የቀረበ ውዳሴ የለም፤ የተአምር ወሬ የለም። ቡድኑ በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመላለስ ነበር። ጀልባዎቹ የሚያልፉበትን መግቢያ የሚቆጣጠረው ባለሥልጣንም በስም ተጠቅሷል፤ አንኽሃፍ ይባላል፤ የኩፉ የአባት ልጅ ወንድም ነው። የዚህ ሰው የፊቱ ምስል ከኖራ ድንጋይ ተቀርጾና በልስን ተስተካክሎ ዛሬ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያል፤ ከዓይኖቹ ሥር የተንጠለጠለው የድካም እብጠት ሳይቀር ተሠርቶለታል። ከሜረር መዝገብ ጋር የተገኙት ሌሎቹ ፓፒረሶች ደግሞ ለሠራተኞቹ የወጣውን ዳቦና መጠጥ፣ የተሰጣቸውንም ጨርቅ የሚመዘግቡ የሒሳብ ሰነዶች ናቸው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ የውሎ አበል ሰነድ ልንላቸው እንችላለን።

የሜረር ጉዞዎች የተመዘገቡት ከሐምሌ እስከ ኅዳር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። በእነዚያ ወራት ናይልን ከአልጋው አውጥቶ በግብፅ ሜዳ ላይ የሚያጥለቀልቀው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነበር። በበጋ ወንዙ ሲያንስ ከወንዙ ዳር እስከ ፒራሚዱ ሜዳ ድረስ የከበደ ድንጋይ በየብስ መጎተት ግድ ይሆን ነበር፤ ጎርፉ ሲመጣ ግን ውሃው በቦይና በተቆፈረ ሐይቅ ገብቶ ጀልባዎቹን እስከ ፒራሚዱ ሜዳ ግርጌ ያደርሳቸዋል። ጎርፉ ሲጎድል የሚተወው አፈርም የተራሮቻችን አፈር ነው፤ ያ አፈር የሚያበቅለው ስንዴና ገብስ ባይኖር እነዚያን ሁሉ ሠራተኞች መመገብ አይታሰብም ነበር። አበው «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለዋል። እዚያ ታች ግን ወንዙን ተሳፍረው ድንጋይ ይዘው የሚዞሩት ሰዎች ማደሪያቸውን ሌሊት በሌሊት ይጽፉ ነበር።

ሌላም ዝምድና አለ፤ ስለ እርሱ በአገራችን ብዙ ሲነገር አልሰማም። ሜረር ቀኖቹን የቆጠረው 30 ቀን ባላቸው ወሮች ነው። ግብፃውያን ዓመቱን 12 ባለ 30 ቀን ወሮች አድርገው በመጨረሻው ላይ አምስት ቀን ይጨምሩ ነበር። ይህ አቆጣጠር በእስክንድርያ በኩል አልፎ፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ተጨምሮበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ወደ እኛ ደረሰ፤ ጳጉሜን የምንላት አጭር ወርም የዚያ ትርፍ ነች።

ወንዙ ያኔ ከዛሬው ይልቅ ለፒራሚዶቹ የቀረበ እንደ ነበር የሚያስረዳ ጥናትም እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ታትሟል። በግብፃዊቷ የምድር ሳይንስ ተመራማሪ ኢማን ጎነይም የተመራው ቡድን በሳተላይት ምስልና ከመሬት በተወሰደ የደለል ናሙና በመታገዝ፣ ከጊዛ እስከ ሊሽት 64 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ አሁን በእርሻና በአሸዋ የተቀበረ የናይል ክንድ ነበር ሲል አሳየ። ስሙንም አህራማት አሉት፤ በዐረብኛ ፒራሚዶች ማለት ነው። 31 ፒራሚዶች በዚህ የሞተ ወንዝ ዳር ተሰልፈዋል። የብዙዎቹ የሸለቆ ቤተ መቅደሶችም ያኔ ውሃው የነበረበትን ዳርቻ ይነካሉ። ዛሬ ጊዛን የጎበኘ ሰው በረሃ መሀል ይህን ሁሉ ድንጋይ ምን አመጣው ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም፤ መንገዱ ስለ ደረቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ጀልባው ድንጋዩን ያመጣል እንበል፤ እንዲህ ያለ ፍጹም ሕንጻ ግን በአንድ ጊዜ ከየት መጣ? መልሱ በአንድ ጊዜ አልመጣም ነው። ከኩፉ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ለንጉሥ ጆሴር በሳቃራ የተሠራው የመጀመሪያው ፒራሚድ ስድስት እርከን ያለው፣ 60 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ነው። ከዚያ የኩፉ አባት ስነፈሩ መጣ። በሜይዱም ያለው ፒራሚድ ውጫዊ ልባሱ ተንዶ ዛሬ በፍርስራሽ ክምር መካከል እንደ ግንብ ቆሟል። በዳህሹር ያስጀመረው ሁለተኛው ደግሞ ከታች 54 ዲግሪ ገደማ ሆኖ እንዲወጣ ታቅዶ፣ ከመካከል ላይ ሠሪዎቹ ወደ 43 ዲግሪ ቀነሱት። ለምን? የመሬቱ መሠረት ሸክሙን አልቻለም፣ የውስጥ ክፍሎቹም መሰነጣጠቅ ጀምረው ነበር። ስለዚህ ፒራሚዱ ከወገቡ ላይ የጎበጠ ሆኖ ቀረ። ሦስተኛው፣ ቀዩ የሚባለው፣ ገና ከመሠረቱ በ43 ዲግሪ ተሠራ፤ ቆመም። ልጁ ኩፉ ወደ ጊዛ ሄዶ ጠንካራ አለት ላይ የ146 ሜትሩን ሲጀምር፣ እነዚያን ስሕተቶች ያዩ፣ ምናልባትም ራሳቸው የሠሩ፣ አናጢዎችና ጠራቢዎች አብረውት ነበሩ። ከሌላ ዓለም የመጣ ጥበብ ቢሆን ኖሮ የጎበጠው ፒራሚድ ለምን አስፈለገ? ለእኔ ከታላቁ ፒራሚድ ይልቅ ሰው የሚታየኝ በዚያ በጎበጠው ላይ ነው፤ ሥራው መሀል ላይ ደርሶ «እንዲህ ከቀጠልን ይወድቃል» ያለ መሐንዲስ እዚያ ላይ አለና።

ቁጥሩም ቢሆን ሲታሰብ ያን ያህል የማይቻል አይደለም። ታላቁ ፒራሚድ 2.3 ሚሊዮን ገደማ ድንጋዮች እንዳሉት ይገመታል፤ የአንዱ አማካይ ክብደት 2.5 ቶን ያህል ነው። ኩፉ ቢያንስ 26 ዓመት ነግሧል። ሥራው ያን ያህል ዘመን ፈጅቷል ብንል በቀን 242 ድንጋይ፣ የአሥር ሰዓት የሥራ ቀን ቢሆን ደግሞ በሰዓት 24 ድንጋይ መደርደር ይኖርባቸዋል። ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር መታወስ አለበት፦ ፒራሚድ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ከጠቅላላ ይዘቱ 70 በመቶው የሚገኘው ከታችኛው አንድ ሦስተኛ ከፍታ ውስጥ ነው። ከዚህ ይዘት አብዛኛው ድንጋይ የተፈለጠው እዚያው ጊዛ፣ ከፒራሚዱ በስተ ደቡብ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ ካለው ካባ ነው። ሩቅ መንገድ የመጣው የቱራው ልባስና ለንጉሡ ክፍል ከአስዋን፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በወንዝ የወረደው ግራናይት ብቻ ነበር።

ድንጋዩ እንዴት ተጎተተ ለሚለውም በሥዕል የቀረ መልስ አለ። ከኩፉ ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ የኖረ ጅሁቲሆቴፕ የሚባል ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ 172 ሰዎች በአራት ረድፍ ተሰልፈው በእንጨት መጎተቻ ላይ የተቀመጠ ግዙፍ ሐውልት ሲስቡ ይታያል። ከመጎተቻው ፊት አንድ ሰው ቆሞ አሸዋው ላይ ውሃ ያፈስሳል። ይህ ለረጅም ጊዜ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቃውንት ሞክረውት፣ አሸዋው በልኩ ሲረጥብ ለመጎተት የሚያስፈልገው ጉልበት በግማሽ እንደሚቀንስ አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በሃትኑብ የአልባስጥሮስ ካባ ውስጥ ከኩፉ ዘመን የቀረ ዳገታማ የድንጋይ መጎተቻ መንገድ ተገኘ፤ በግራና በቀኙ ደረጃ፣ በደረጃዎቹም ላይ የእንጨት ምሰሶ የተተከለባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ገመዱ ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ፣ ከላይም ከታችም ያሉ ሰዎች በአንድነት ይስቡ ነበር ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች የት ይኖሩ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1990 ከጊዛ ፒራሚዶች በስተ ደቡብ አንድ ፈረስ በአሸዋ የተሸፈነ የጭቃ ጡብ ግድግዳ አደናቅፎት ወደቀ። ቦታው ሲቆፈር የሠራተኞችና የአለቆቻቸው መቃብር ሆኖ ተገኘ። አሜሪካዊው የቁፋሮ ሊቅ ማርክ ሌነር በአቅራቢያው የቆፈሩት መንደር ደግሞ የቁራው ግንብ በሚባለው ትልቅ አጥር ሥር ይገኛል፤ ረጃጅም የመኝታ አዳራሾች፣ የዓሣ ማዘጋጃ ቦታዎች፣ ትልልቅ የሸክላ ቅርጾች የተገኙባቸው የዳቦ መጋገሪያዎች አሉት። ከቆሻሻ ክምሩ የወጣው የከብት፣ የበግና የፍየል አጥንት ብዛት የሚያሳየው ሠራተኞቹ ሥጋ አዘውትረው ይመገቡ እንደ ነበር ነው፤ ከከብቶቹም አብዛኞቹ ገና ወይፈን የነበሩ ናቸው። ከገብስ የሚጠመቀው መጠጣቸውም ከዳቦው እኩል የዕለት ቀለብ ነበር፤ ከጠላችን ብዙ የሚርቅ አይደለም።

የመቃብሮቹ አጽሞች የሚናገሩት ግን ስለ ምግብ ብቻ አይደለም። የጀርባ አጥንታቸው በሸክም የተበላ ነው፤ ጉልበታቸው ያለ ዕድሜው ያረጀ ነው። ክንዳቸው ተሰብሮ በወጌሻ እጅ ቀጥ ብሎ የዳነ አሉ፤ እግራቸው ተቆርጦ ከዚያ በኋላ ዓመታት የኖሩም አሉ። የተጎዳውን ሰው ያከመው፣ ቀለቡን ያላቋረጠበት ሰው ነበር ማለት ነው። የተቀበሩትም ለንጉሣቸው ፒራሚድ ቅርብ በሆነ ስፍራ፣ ለወዲያኛው ዓለም የሚሆን ዳቦና መጠጥ የተቀመጠበት ማሰሮ ከጎናቸው ሆኖ ነው። ባሪያ በእንዲህ ያለ ቦታ አይቀበርም።

ይህ በአገራችን በስፋት ከሚታመነው ጋር ይጋጫል። ብዙዎቻችን ፒራሚዶቹን የሠሩት በባርነት የነበሩት እስራኤላውያን ናቸው ብለን አድገናል። ኦሪት ዘፀአት ግን እንዲህ አይልም። መጽሐፉ እስራኤላውያን ፊቶምንና ራምሴን የተባሉ ከተሞች እንደ ሠሩ፣ ኑሯቸውም በጭቃና በጡብ ሥራ እንደ መረረ ይናገራል፤ ስለ ፒራሚድ አንድም ቃል የለውም። ራምሴ የሚለው ስም የሚያመለክተው የራምሴ ነገሥታትን ዘመን ነው፤ ከእነርሱ ዋነኛው ዳግማዊ ራምሴ ከኩፉ 1,300 ዓመት ያህል በኋላ የነገሠ ነው። ፒራሚዶቹ በሙሴ ዘመን ያረጁ፣ ጥንታዊ ሐውልቶች ነበሩ። ፒራሚዶቹ በጭካኔና በግዳጅ ተሠሩ የሚለውን ታሪክ ካዛመቱት መካከል የግሪኩን ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስን መጥቀስ ይቻላል፤ እርሱም ከኩፉ 2,000 ዓመት በኋላ ግብፅን ጎብኝቶ፣ 100 ሺህ ሰዎች በየሦስት ወሩ እየተፈራረቁ ለ20 ዓመት ሠሩ ብሎ የጻፈ፣ ኩፉንም ጨካኝ ንጉሥ አድርጎ የሣለ ነው። የዛሬ ሊቃውንት በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ የነበረውን ሕዝብ ከ20 እስከ 30 ሺህ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በታች ይገምቱታል።

ባሪያ አልነበሩም ማለት ግን በፈቃዳቸው የመጡ ነበሩ ማለት አይደለም። ደቦ አልነበረም። ከየአውራጃው ወጣቱ በየተራ ለንጉሡ ሥራ ይላካል፤ እምቢ የማለት መብት እንደ ነበረው የሚያሳይ ነገር የለም። የጉልበት ግብር ነበር። ለዚህ ግብር ምላሹ ቀለብ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ ክብር ያለው መቃብር ነበር። ከባዱን ሥራ ማስጌጥም፣ ሠሪዎቹን እንደ እንስሳ በጅራፍ የሚነዱ አድርጎ መሣልም ሁለቱም ከማስረጃው ውጪ ነው። ከንጉሡ መቃብር ክፍል በላይ ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ውስጥ ማንም ያየዋል ተብሎ ባልታሰበበት ቦታ ጓዶቹ በቀይ ቀለም የቡድናቸውን ስም ጽፈዋል፤ ከነዚህም አንዱ «የኩፉ ወዳጆች» የሚል ነው። በጊዛ ሦስተኛው በሆነው በንጉሥ መንካውሬ ፒራሚድም ከሚሠሩት ጓዶች አንዱ ራሱን የመንካውሬ ሰካራሞች ብሎ ጠርቷል።

ይህ ሁሉ ማስረጃ እያለ ስለ ሌላ ዓለም ፍጡራን የሚነገረው ወሬ ለምን አልቆመም? እ.ኤ.አ. በ2020 ኢሎን መስክ ፒራሚዶቹን የሌላ ዓለም ፍጡራን እንደ ሠሯቸው በትዊተር ሲጽፍ፣ የግብፅ የዓለም አቀፍ ትብብር ሚኒስትር ራኒያ አል ማሻት መጥቶ የሠራተኞቹን መቃብር እንዲያይ ጋበዘችው። ጉዳዩ ቀልድ ሆኖ ታለፈ። እኔ ግን ቀልድ ሆኖ አላየሁትም። የአቴናን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፓርቴኖንን የሌላ ዓለም ፍጡራን ሠሩት የሚል ሰው ብዙ የለም። ይህ ጥያቄ የሚቀርበው ለአፍሪካ፣ ለሜክሲኮና ለፔሩ ጥንታውያን ሥራዎች ነው። እኛም ይህን ከራሳችን እናውቀዋለን። ላሊበላን ቴምፕላር የሚባሉት የመስቀል ጦረኞች ሠርተውታል የሚል የውጭ ሰው መላምት ለዓመታት ተሰራጭቷል፤ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ ግን የለም። ቅዱስ ላሊበላን መላእክት ረድተውታል የሚለው የእኛ ትውፊት ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ቀኑን ለሰው፣ ሌሊቱን ለመላእክት ይሰጣል እንጂ ሠራተኛውን አያጠፋም። አክሱምም ቢሆን 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሐውልት ከየት መጣ የሚል ሰው፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወደሚገኘው የጎበድራ ኮረብታ ይሂድ፤ ጠራቢዎቹ ድንጋዩን ለመፈልፈል የቀደዷቸው የሽብልቅ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ዛሬም ይታያሉ።

ይህን ስል ያልተፈታ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የላይኛዎቹ ድንጋዮች በምን ዓይነት ዳገት እንደ ወጡ፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ይሁን ወይስ በፒራሚዱ ዙሪያ የሚጠማዘዝ፣ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ስካንፒራሚድስ የተባለ ፕሮጀክት ከከባቢ አየር እየወረዱ ድንጋይን የሚያልፉ ሚዮን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን በመቁጠር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከታላቁ ፒራሚድ የውስጥ መተላለፊያ በላይ ቢያንስ 30 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍተት እንዳለ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ደግሞ በሰሜናዊው ገጽታ ከመግቢያው በስተ ጀርባ 9 ሜትር የሚረዝም የተዘጋ ኮሪደር በቀጭን ካሜራ ታየ። ከ2025ቱ የራዳር ወሬ ጋር ያለውን ልዩነት ልብ ይሏል፦ ሚዮን የሚቆጥሩት ሰዎች በሦስት የተለያዩ መሣሪያዎች ለክተው፣ ውጤቱን ሌሎች እንዲመረምሩት አቅርበው፣ ከዚያም ድንጋዩ መካከል ካሜራ አስገብተው አሳዩ። ባዶ ቦታ አለ አሉ እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አልፈጠሩም።

ግብፅ ራሷ ይህን ታሪክ እንዴት እንደምትይዘው የሚያከራክር ጊዜም አልፏል። እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 2024 የመንካውሬን ፒራሚድ የወደቁ የግራናይት ልባስ ድንጋዮች መልሶ የማልበስ እቅድ ይፋ ሲሆን ብዙ ሊቃውንትና ተራ ግብፃውያን ተቆጡ፤ በዛሂ ሐዋስ የተመራ ኮሚቴ በቀጣዩ ወር እቅዱን ውድቅ አደረገው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2025 ደግሞ ከፒራሚዶቹ ብዙ ሳይርቅ ታላቁ የግብፅ ሙዚየም በይፋ ተከፈተ። በዚያ ከሚታዩት ነገሮች መካከል ከታላቁ ፒራሚድ ጎን ተቀብራ እ.ኤ.አ. በ1954 የተገኘችው፣ ከሊባኖስ ዝግባ የተሠራችው የኩፉ ጀልባ ትገኛለች። 42 ሜትር ትረዝማለች፤ ሳንቃዎቿ የተያያዙት በገመድ ተሰፍተው ነው። የሜረር ጀልባ የጭነት ጀልባ ነበረችና እንደዚህች አላማረባትም፤ የተሠራችበት ጥበብ ግን ያው አንድ ነው።

ሜረር ራሱ ፒራሚዱ ሲያልቅ አላየ ይሆናል። ጎርፉ ሲጎድል ቡድኑ ወደ ሌላ ሥራ ተላከ፤ መጨረሻ ላይም ወደ ቀይ ባሕሩ ወደብ ደረሰ። ከዚያ ማዶ ሲና አለ፤ በሲና መዳብ አለ። የቱራን ድንጋይ የሚጠርበው መሮ መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ቶሎ ይደንዛል፤ ስለዚህ ቀይ ባሕርን የሚሻገሩ ጀልባዎች ካልመጡ ካባው ይቆማል። ኩፉ ሲሞት ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደቡ ተዘጋ። ሠራተኞቹ ጀልባዎቹን ፈታትተው በዋሻዎቹ ውስጥ አስቀመጡ፤ የንጉሡ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈባቸውን ግዙፍ ድንጋዮች ጎትተው አፉን ደፈኑት፤ ያ ለወራት ሲሞላ የነበረው መዝገብም ከእንግዲህ ማንም የማይጠይቀው ወረቀት ሆኖ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ተጥሎ ቀረ።